«ቤቴ ውስጥ እየኖርክ» ያልከው ነው እንጂ አኒሜው አይደለም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከዴንቨር ነው፣ ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«እህቴ ሰላም ነሽ? 27 አመቴ ነው፣ አሜሪካ የመጣሁት በ10 አመቴ ስለሆነ እዚሁ አደግኩ በይው። ካርቱን ነፍሴ ነው፣ እንግሊዝኛ የለመድኩትም ከዲስኒና ከፒክሳር ነው ብል አላጋነንኩም። የአክስቴ ልጅ ደሞ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ሁለት አመቱ ነው፣ እኔ ጋ ቤዝመንት ነው የሚኖረው፣ ይኖር የነበረው ማለቴ ነው። እሱ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ማለቴ ነው፣ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ሁሌም እንከራከራለን ግን እንደ ቀልድ ነበር። የታናሽ እህቴ ምርቃት ላይ ሰው በተሰበሰበበት፣ የአሜሪካ ካርቱን የህፃን ማባበያ ነው፣ አርት የሚሰሩት ጃፓኖቹ ናቸው፣ ኦስካሩን እንኳ እዚሁ ሀገራችሁ መጥተው ወስደውባችኋል አለኝ። እኔም እኛ ባንፈጥረው ጃፓን ከየት ታመጣው ነበር አልኩት። ሳቀና ‹እኛ? አንተን ደሞ ማን አሜሪካዊ አደረገህ፣ ፓስፖርቱ ነው እንጂ› አለኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ተናድጄ ቤቴ ውስጥ እየኖርክ ምናምን አልኩት። በሳምንቱ ዕቃውን ይዞ ወጣ። አንነጋገርም፣ ፋሚሊ ግሩፑ ላይ ግን ነገር እየተፈላለግን ሚም እንለጥፋለን። ሶስት ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነት አኒሜ ይበልጣል? በአሜሪካ መኩራቴ ያስቃል እንዴ? የታላቅ እህቴ ልጅ ደሞ 6 አመቷ ነው፣ ከየትኛው ላስጀምራት?»

ወንድሜ፣ ሶስት ብለህ ቆጥረህ ላክልኝ እንጂ ዋናውን አልጠየቅከኝም። እሱ ያለህን ከነነጥቡ ጽፈህልኛል፣ የሳቀውን ሰው ጭምር፣ አንተ ያልከውን ግን «ምናምን» ብለህ ዘለልከው። ገና ክሬዲት እንኳ ያልገነባ ልጅ ሰው ፊት ቤቴ ውስጥ እየኖርክ ተብሎ በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ የአኒሜ ክርክር መስሎህ ነው? እመለስበታለሁ አትፍራ። መጀመሪያ ግን የካርቱኑን ልጨርስ፣ እኔም የለየልኝ ሱሰኛ ስለሆንኩ እሱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፣ ደሞ ሁለታችሁም የፎከራችሁበት ነገር ግማሹ ውሃ አይቋጥርም።

ከኦስካሩ እንጀምር። ልጁ የሚያወራው የጃፓኑን ካርቱን ሰሪ የሚያዛኪን ስፒሪትድ አዌይ ይመስለኛል፣ በ2003 ያሸነፈውን። እውነቱን ነው አሸንፏል፣ ከዛ በፊትም በ2002 በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ወርቃማው ድብ የሚባለውን ትልቁን ሽልማት ወስዷል፣ ሰውየው ከ80 አመት በላይ ሆኖትም በ2024 በቦይ ኤንድ ዘ ሄሮን ደግሞታል። ግን ስፒሪትድ አዌይን አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ማን ነበር? ራሱ ዲስኒ! በዛው አመት ዲስኒ የራሱ ሁለት ፊልሞች፣ ሊሎ ኤንድ ስቲች እና ትሬዠር ፕላኔት፣ እጩ ነበሩለት፣ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ከፊት ሆኖ የገፋው ደሞ የፒክሳሩ ጆን ላሴተር ነው፣ የሚያዛኪ አድናቂ ስለነበረ። ስለዚ ጃፓን ዲስኒን በሜዳው አሸነፈችው ብሎ መፎከር ትንሽ ያስቸግራል። ሚያዛኪ ራሱ ሽልማቱን ሊቀበል አልመጣም፣ የኢራቅ ጦርነት በጀመረ በቀናት ውስጥ ነበር ዝግጅቱ፣ ከአመታት በኋላ ኢራቅን የምትደበድብ ሀገር መሄድ አልፈለግኩም ብሎ ተናግሯል። ለሀገሩ ዋንጫ ሊሰበስብ የወጣ ሰው አይመስልም አይደል?

ያንተ «እኛ ባንፈጥረው» የምትለዋ ደሞ ግማሽ እውነት አላት። ጃፓኖች የማንጋ፣ ማለትም በስዕል የሚተረክ መጽሐፋቸው፣ አምላክ የሚሉት ኦሳሙ ቴዙካ ያደገው የዲስኒንና የአሜሪካዎቹን ካርቱን ሰሪዎች የፍላይሸር ወንድማማቾችን ፊልም እያየ ነው፣ አባቱ ቤት ውስጥ ፕሮጀክተር ነበረው። ሰው ሁሉ አኒሜ ሲባል ትዝ የሚለው ያ ትልልቅ ዓይን መነሻውን ስትፈልግ የፍላይሸሮቹ ቤቲ ቡፕና የዲስኒው ባምቢ ጋ ነው የምትደርሰው። ባምቢን ስንት ጊዜ እንዳየው ራሱም ሳይጠፋበት አይቀርም፣ የማንጋ ቅጂ ሁሉ ሰርቶለታል። ከዛ በ1963 ጃንዋሪ 1 አስትሮ ቦይ የሚባለውን ተከታታይ ካርቱን በፉጂ ቲቪ ጀመረ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው፣ ብር የለ ሰው የለ፣ ስለዚ ስዕሉን ቀነሰ፣ ፊቱ ቆሞ አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ አንዷን ሩጫ ስዕሏን አስቀምጦ በሌላ ክፍል ደግሞ ያወጣታል። ይሄን ዘዴ ደሞ አሜሪካ ውስጥ የቶም ኤንድ ጄሪ ሰዎች፣ ሃናና ባርቤራ፣ ኤምጂኤም በ1957 ስቱዲዮውን ሲዘጋባቸው ለቲቪ ብለው ጀምረውት ነበር። ዛሬ «የአኒሜ ስታይል» ብለን የምናደንቀው ብዙው ነገር የኪስ ጉዳይ ነው እንግዲህ፣ ኪሱም የሁለቱም ሀገር ነው። አስትሮ ቦይ በዛው አመት አሜሪካ ገብቶ ታየ። ቴዙካ በርካሽ መሸጡን ግን ሚያዛኪ አልማረውም፣ ቴዙካ በ1989 ሲሞት ሌላው ሲያለቅስ እሱ የሙያውን ዋጋ ያረከሰው ይሄ ሰውዬ ነው ብሎ ተችቶ ጻፈ፣ ለቅሶ ቤት ነገር መናገር የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሁን በተለይ ላንተ የማወራው ይሄን ነው። ባምቢ ላይ ያ ጭጋግ የለበሰ ጫካ፣ ዛፉ በደንብ ሳይሳል ዛፍ የሚመስለው፣ ቴዙካን ያሳበደው ፊልም፣ መልኩን የሰጠው ማነው? ታይረስ ዎንግ ይባላል። ቻይና ውስጥ ጓንግዶንግ በ1910 የተወለደ፣ በ1920 ከአባቱ ጋር በውሸት ወረቀት ሳን ፍራንሲስኮ ጋ የገባ፣ በዛን ጊዜ ቻይናዊ እንዳይገባ የሚከለክል ህግ ስለነበረ ኤንጅል አይላንድ የሚባል ደሴት ላይ ከአባቱ ተነጥሎ ታስሮ በምርመራ ያለፈ ልጅ። አድጎ ዲስኒ ተቀጠረ፣ ከታች፣ በሌሎቹ ስዕሎች መሀል የጎደለውን በሚሞላው ክፍል ውስጥ። ባምቢ ሊሰራ ነው ሲባል ማንም ሳይጠይቀው ከጥንት የቻይና ሥዕል በተማረው አይነት የጫካ ስዕሎች ሰርቶ አሳየ፣ ዋልት ዲስኒ ወደደው፣ የፊልሙ መልክ እሱ ሆነ። ከ1941ዱ የሠራተኞች አድማ በኋላ ግን ከዲስኒ ተባረረ፣ ፊልሙ በ1942 ሲወጣ ስሙ ከዳራ ሰዓሊዎች መሀል እንደ አንዱ ብቻ ተጻፈ። ዜግነት ያገኘው መቼ መሰለህ? በ1946፣ ባምቢ ከወጣ አራት አመት ቆይቶ። 106 አመት ኖሮ በ2016 ነው የሞተው። ማክስ ፍላይሸርም፣ የቤቲ ቡፕና የፖፓይ ካርቱን ሰውዬ፣ የተወለደው ክራኮው ነው፣ ህፃን ሆኖ ነው ኒውዮርክ የገባው። ስለዚ የአክስትህ ልጅ «አንተን ማን አሜሪካዊ አደረገህ» ሲልህ መልሱ አፍህ ላይ ነበር፣ አንተ የምትኮራበትን ነገር የሰሩት እንዳንተ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ እንደውም ወረቀቱ እንኳ የራሱ አልነበረም። ሁለተኛው ጥያቄህ እዚ ጋ አለቀ፣ አያስቅም፣ ኩራ።

ግን ኩራቱ ወዴት እንደሚሄድ ደሞ እይ። አሜሪካና ጃፓን በካርቱን የምር ተዋግተው ያውቃሉ እኮ፣ ሚም አይደለም የምልህ። በ1943 የጃፓን ባህር ኃይል ብር ሰጥቶ ሞሞታሮ የሚባለውን የተረት ልጅ የአሜሪካን የባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ሲደበድብ የሚያሳይ 37 ደቂቃ ፊልም አሰራ፣ መርከቡ ላይ ሰክሮ የሚንቀጠቀጠው አሜሪካዊ ማንን እንደሚመስል ታውቃለህ? የፖፓይን ጠላት ብሉቶን! ማለትም ጠላታቸውን ለመሳደብ የጠላታቸውን ካርቱን ተዋሱ፣ ስላዩት ስለወደዱት። በአሜሪካ በኩል ደሞ ፖፓይ በ1942፣ ባግስ በኒ በ1944፣ ጃፓኖችን ጥርሰ ገጣጣ መነፅራም አድርገው እየሳሉ ሲያዋርዱ የሰሯቸው አሉ፣ ዛሬ ባለቤቶቹ ራሳቸው አያሳዩዋቸውም፣ ያሳፍራሉ። በ1945 ኤፕሪል ደሞ ጃፓን ሁለተኛውን ሞሞታሮ አወጣች፣ 74 ደቂቃ፣ ከተማው በቦምብ እየነደደ፣ እና ኦሳካ ውስጥ ባዶ በሚባል ሲኒማ ቤት ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ያየው ተማሪ ማን ነበር፣ ቴዙካ ነዋ። የ16 አመት ልጅ፣ ፕሮፓጋንዳው ሳይሆን ስዕሉ ነው ያስለቀሰው፣ እኔም አንድ ቀን እሰራለሁ ብሎ ወጣ። መንግስት ለጦርነት ያሰራው ፊልም ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱን ሀገር ያገናኘውን ሰውዬ አፈራ፣ ይሄን የሚያክል ነገር እያለ እናንተ በኦስካር ብዛት ትጣላላችሁ።

ስለ ላየን ኪንግም ሳታነሱ አትቀሩም፣ አኒሜ ወዳጅ ሁሉ ያነሳታል። በ1994 ሲወጣ ከቴዙካ ነጩ አንበሳ ኪምባ ይመሳሰላል ተብሎ ጃፓን ውስጥ የማንጋ ሰዓሊዎች ፈርመው ለዲስኒ ደብዳቤ ጽፈዋል፣ ዲስኒ አላየነውም አለ፣ የቴዙካ ድርጅት ግን ሳይከስ ቀረ፣ ቴዙካ ራሱ የዲስኒ ተማሪ ስለሆነ ቢያይ ደስ ይለው ነበር አይነት መልስ ነው የሰጡት። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሁለቱም የኛን አህጉር አንበሳ ይዘው ነው የሚጣሉት፣ እኛን የጠየቀን የለም።

እሺ የአሜሪካ ካርቱን የህፃን ማባበያ ነው የሚለውስ? ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ እንዳንተ ሀገር ስለነኩብኝ ሳይሆን ነገሩ ስላልተጣራ። ጃፓን ራሷ ትልቁ ምርቷ የልጆችና የቤተሰብ ነው፣ ሳዛኤ ሳን የምትባል የአንድ ቤተሰብ ቀልድ ከ1969 ጀምሮ እሁድ እሁድ ትታያለች፣ ዶራኤሞንን ደሞ እዛ የማያውቅ ህፃን የለም። እኛ ውጪ ሆነን የምናየው ተመርጦ፣ ተተርጉሞ፣ የደረሰንን ነው፣ ከዛ ያንን ምርጥ ይዘን ከሌላው ሀገር ተራ ጋር እናወዳድራለን። አሜሪካም ውስጥ ራልፍ ባክሺ በ1972 ህፃን እንዳይገባ ኤክስ የተለጠፈበት ካርቱን ሰርቷል። ልዩነቱ ያለው ገበያው ጋ ነው፣ አሜሪካ ቲቪ ካርቱንን ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ ሲሪያል ማስታወቂያ ጋር አሰረው፣ ጃፓን ውስጥ ደሞ ማንጋውን አዋቂም ባቡር ላይ ስለሚያነበው ለአዋቂ የሚሆን ታሪክ ድሮውኑ ተጽፎ ይጠብቃል። ይሄንን የዘር ወይ የባህል ተሰጥኦ ካደረግከው አበቃልህ።

እንቅስቃሴው ይንቀራፈፋል የምትለው ደሞ አንተ ሳትሆን አትቀርም፣ የዲስኒ ሰው ሁሉ የሚላት ናት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ ለያንዳንዱ አዲስ ስዕል ከሳልክ 24፣ አንዱን ስዕል ሁለት ፍሬም ካቆየኸው 12፣ ሶስት ካቆየኸው 8። ጃፓን ብዙ ጊዜ በ8 ትሰራለች፣ ሲያስፈልጋት ግን ያጠራቀመችውን ጉልበት ሁሉ አንድ ድብድብ ላይ ታፈሳለች። ዲስኒም ድሮ ብዙውን በ12 ነበር የሚሰራው። በ2018 ደሞ ስፓይደር ቨርስ በሚባለው የስፓይደርማን ካርቱን ላይ ማይልስ ገና ጀማሪ እያለ ሆን ብለው በ12 አድርገው ልምድ ያለውን ፒተርን በ24 አስሮጡት፣ የአንዱ ድክመት የተባለው ነገር ለሌላው መተረኪያ ሆነ ማለት ነው።

ደሞ ማን ነው የሚስለው? ሲምፕሰንስን የሚያክል አሜሪካዊ ነገር ከመጀመሪያዎቹ አመታት ጀምሮ ስዕሉ የሚሰራው ሴኡል ነው። አቫታር ዘ ላስት ኤርቤንደርም ኮሪያ። በ1982 የወጣው ላስት ዩኒኮርን የአሜሪካ ፊልም ነው፣ የሳለው ግን ቶፕክራፍት የሚባል የጃፓን ስቱዲዮ ነው፣ ያው ቶፕክራፍት በ1984 የሚያዛኪን ናውሲካ የሚባል ፊልም ሰራ፣ ከዛ ሰዎቹ በ1985 በተመሰረተው የሚያዛኪ ስቱዲዮ፣ ጊብሊ፣ ገቡ። ለአሜሪካ ሲስሉ የነበሩ እጆች ናቸው ጊብሊን የጀመሩት፣ እና ታዲያ ከመሀላቸው ድንበሩን የት ጋ ልታሰምር ነው?

ስለዚ አንደኛው ጥያቄህ፣ ይበልጣል ወይ? ለእኔ ዝምታ ላይ፣ ማለትም ምንም ሳይሆን ዝናብ ሲዘንብ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያይበት ላይ፣ ጊብሊን የሚደርስበት የለም። ቀልድ ላይ፣ አንድ ሳቅ በስንተኛው ፍሬም መውደቅ እንዳለበት በማወቅ፣ የባግስ በኒ ስቱዲዮ የዋርነርን የ1940ዎቹን ካርቱኖች የሚያክል ጃፓን ውስጥ አላየሁም። ይሄ የኔ ጣዕም ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ይልሃል። የገቢ ብዛት ከሆነ መለኪያችሁ ደሞ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል፣ በ2025 በዓለም ብዙ ገቢ ያገኘው አኒሜሽን የቻይናው ነጃ 2 ሆኗል፣ የዛኑ አመት ኦስካሩን የወሰደው ደሞ ፍሎው፣ የላትቪያ ፊልም፣ ብሌንደር በሚባል ማንም በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር የተሰራ። የላትቪያ ህዝብ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም፣ ፊልሙ ያገኘውን የጎልደን ግሎብ ሽልማት ዋና ከተማዋ ሪጋ ሙዚየም ውስጥ አስቀምጠውት ህዝቡ ተሰልፎ አየው። ይሄንን ኩራት እወደዋለሁ፣ ማንንም አልሰደቡበትም። ሀገር ቤትም ጥበብ ገርልስ የሚባለውን አኒሜሽን የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ እናንተ ሁለታችሁ ስለሌላ ሰው ሀገር ስትደባደቡ እሱን አይታችሁት ታውቃላችሁ? እጠራጠራለሁ።

በል አሁን ወደ ቤዝመንቱ። ልጁ የተናገረህ ቀላል ነገር አይደለም፣ 17 አመት የኖርክበትን ሀገር በአንድ ሳቅ ቀማህ፣ ሰው ፊት ነው ደሞ፣ እንዳመመህ ይገባኛል። ግን የሱንም አስብ፣ አንተ «እኛ» ስትል እሱን ውጪ አድርገህ ነው የምትለው፣ እሱ ገና «እኛ» ለማለት ሀገር የለውም፣ ያኛው ርቆታል ይሄኛው አልተቀበለውም፣ ጃፓንን የያዛት ማንም ስለማይከለክለው ይመስለኛል። እሱ የነካህ ፓስፖርትህን ነው፣ አንተ ግን የነካኸው ማደሪያውን ነው። እኩል አይደለም። ስለዚ መጀመሪያ የምትደውለው አንተ ነህ፣ ትልቅም ስለሆንክ ባለቤትም ስለሆንክ። ቴክስት እንዳታደርግ፣ ፋሚሊ ግሩፑ ላይማ በጭራሽ፣ የለጠፍካቸውን ሚሞችም ዛሬውኑ አጥፋቸው፣ እሱ ቢያጠፋም ባያጠፋም። አክስትህንም ሽማግሌ አድርገህ አትላክ፣ ለካርቱን ሽማግሌ ተላከ ተብላችሁ ዴንቨር ሙሉ ይስቅባችኋል፣ ደሞ እናት መሀል ስትገባ ልጁ ከልቡ ሳይሆን ለእናቱ ብሎ ነው የሚታረቅህ። ደውልና «ቤቴ ያልኩህ ቆጭቶኛል፣ እንደዛ ማለት አልነበረብኝም» በለው፣ እዛው ላይ አቁም። «ግን አንተም» የምትል ነገር ከአፍህ እንዳትወጣ፣ የራሱን እሱ ራሱ ያምጣት፣ ካላመጣትም ሌላ ቀን። ተመለስ ብለህም አትለምነው፣ የራሱን ቤት ከያዘ ጎሽ በለውና ዕቃ በመግዛት አግዘው። ከታረቃችሁ በኋላ መከራከራችሁን አትተዉ፣ አለመከራከር ሊገላችሁ ነው፣ ግን እሱ የሚወደውን አንተ ምረጥ፣ አንተ የምትወደውን እሱ ይምረጥ፣ ተራ በተራ።

የእህትህን ልጅ በተመለከተ፣ ለ6 አመት ማይ ኔበር ቶቶሮ፣ ምንም አትፈራም፣ ከፈለግክ ቀጥለህ ከፒክሳር የመጀመሪያውን ቶይ ስቶሪ። ባምቢን ትንሽ አቆየው፣ እናትየዋ የምትሞትበት ጋ መልስ ያልያዝክለት ጥያቄ ነው የምትጠይቅህ። እና አደራ፣ ቶቶሮን ስለወደደች ከዛው ስቱዲዮ ነው ብለህ ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስን እንዳትከፍትላት፣ በ1988 ጃፓን ውስጥ ሁለቱን በአንድ ቲኬት ነበር ያሳዩአቸው፣ ስንት ቤተሰብ እያለቀሰ እንደወጣ እግዜር ይወቀው። እሱን አንተና የአክስትህ ልጅ እዩት፣ እሷ ከተኛች በኋላ።